መፍቻ ያለው

ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው፣ ከባትሪ ቤቱ በላይ፤
ጦሳ ጉም ለብሷል፣ በመስኮት የማይታይ።
ከታች በፒያሳ ባጃጅ ይንጫጫል፣
ከላይ የሲስተር ረውዳ ፍሪጅ ያንኮራፋል።

ሲስተር ረውዳ፣
አራት ዓመት ዱባይ ከሐኪም ጎን ቆማ
ወደ አገር የገባች ሙያ ተሸክማ፣
ነጭ ፎጣ ዘርግታ መርፌ ደረደረች፤
እንደ ሰኞ ገበያ ነጋዴ «ምረጪ» አለች።

«ይህ ቀጭኑ ነው፣ ውሃ የሚስብ ጄል፤
ሃያሉሮኒክ ይባላል፣ ስድስት ወር ቆይቶ ይሟሟል።
ይሄኛው ያው ዘሩ ነው፣ ወፈር ያለ ነው እንጂ፤
ዓመት ይሰነብታል፤ ሲበዛ ከአንቺ ቀድሞ ይገባል ደጅ።
ኮላጅን የድሮ ነው፣ ከከብት ቆዳ የሚወጣ፤
መጀመሪያ ክንድ ላይ ይሞከራል፣ እንዳይቆጣ።
የራስሽ ስብም አለ፣ ከዳሌሽ ተቀድቶ፤
ግማሹ ይቀመጣል፣ ግማሹ ይሄዳል፣ እንደ ዘመድ በልቶ።»

ዳሌዬን አየችው። የሚቀዳ የለም።
ሁለታችንም ሳቅን።

«ዘላለማዊውስ?» አልኳት።
ሳቋ ቆመ።
«እሱን እኔ አልይዝም።
ሲሊኮን ከገባ በኋላ፣ ቢላ ካልሆነ፣ የሚፈታው የለም።»

ዘላለሙንማ አውቀዋለሁ፤
የይመኙሻልን አፍ አይቻለሁ።
ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው ማዶ፣ ከአንድ የውበት ሳሎን ጓዳ፣
በርካሽ ገዛችው፣ የዕድሜ ልክ ዕዳ።
ዓመቱ ሲዞር ጠጠር አበቀለ፤
ከንፈሯ በግራ በኩል ወደ ላይ ተሰቀለ።
አሁን ለቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ዞሮ ያያታል፤
እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን ይስቃል።
የአጎቷ ሰልስት ዕለት፣ በነጠላ ፊቷን ሸፍና፣
ከድንኳኑ ጥግ አየኋት፣ ለብቻዋ ሆና።

የኔ ጉዳይ ሌላ ነው።
(ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።)
በሰባት ዓመቴ፣ በቧንቧ ውሃ ቁልቁለት፣
ከነጀሪካኔ ወደቅሁና ከንፈሬ ተሰነጠቀበት።
ሆጤ ያለ አንድ ድሬሰር በሦስት ክር ሰፋው፤
ክሩ ወጣ፤ ስፌቱን የደሴ ብርድ ነው የሚያስታውሰው።
ፎቶ ስነሣ ፊቴን ወደ ቀኝ አዞራለሁ፤
ቀለም ስቀባ ያቺን ጎዶሎ በእርሳስ እሞላለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በእርሳስ።

እናቴ ስትሰማ ብድግ አለች፤
«ፈጣሪ የሠራውን አፍ በመርፌ!» ብላ ጮኸች።
ስትጮኽ ድዷ ታየኝ፣
የተነቀሰው፣ ጥቁር ሰማያዊው፣
እኔ በሕይወቴ ሙሉ ያየሁትና ያላየሁት።
በእሾህ ነበር የተወጋችው፣ በጥላሸትና በቅጠል፣
ሠርጓ ሳምንት ሲቀረው፣ ጥርሷ ነጭ እንዲመስል፤
«ቻይ» እያሏት፣ ሁለት አክስቶች እጇን ይዘው።
«እማ፣ ይሄስ የማን ሥራ ነው?»

ዝም አለች። ቆይታ አፏን በእጇ ጋረደች።
ስትስቅ መሰለኝ።
«እኔን መች ጠየቁኝ?» አለች።

ይህን ይዤ ነው ደረጃውን የወጣሁት ዛሬ፣
የዕቁብ ተራዬን ብር ሁለት ጊዜ ቆጥሬ።
«ቀጭኑን» አልኳት ረውዳን። «መፍቻ ያለውን፤
ብጠላው ሌላ መርፌ የሚያቀልጠውን፤
ሳላባርረው በራሱ ጊዜ የሚሄደውን።
ሁሉንም አይደለም። ጎዶሎዋን ብቻ።»

«ግማሽ ሚሊ ይበቃል» አለች።
ቅባት ቀብታ አደነዘዘችኝ።
መርፌው ሲገባ አላመመኝም፤
አንድ ድምፅ ግን ሰማሁ፣ በረዶ ሲረገጥ የሚመስል፣
ከራሴ አፍ ውስጥ።

ከነሐሴ እስከ የካቲት።
ከዚያ እንደገና እጠየቃለሁ፤
እንደገና እኔ ነኝ የምመልሰው።

ከታች ጉሙ መንገዱን ውጦታል።
ባጃጁ መብራቱን አብርቶ «የት ነሽ?» አለኝ።
«ቧ» ልል ብዬ ከንፈሬ አልገጥም አለኝ፤
አብጦ፣ ደንዝዞ፣ የሰው ከንፈር ሆኖ።
«ዋንዋ ውሃ» አልኩት።

ገባው።
ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወረደልኝ።